የዕለት ጎሞር፦ በሲና ምድረ በዳ የሰባት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

የመጀመሪያ ቀን፣ ማክሰኞ፤ ካይሮ

ካይሮ የደረስነው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር። የሻንጣ ማዞሪያው ቀበቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲሽከረከር ቆሜ ተመለከትኩ፤ በመጨረሻ ባለቤት የሌለው የሕፃን ጋሪ ብቻውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ቀበቶው ቀጥ ሲል የእኔ ሻንጣ እንዳልመጣ ገባኝ። ከስድስታችን ተጓዦች ሻንጣው የቀረበት እኔ ብቻ ነበርኩ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ቅጽ አስሞላኝና ሲገኝ እንደሚደውሉልኝ ነገረኝ፤ መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

አንባቢ ጉዳቴን እንዲረዳልኝ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደነበረ መናገር ይኖርብኛል። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን ገቢና ወጪ ሳመዛዝን በመኖሬ ሳልቆጥር የምሠራው ነገር የለም። ለዚህ የሰባት ቀን ጉዞ ሰባት ፌስታል አዘጋጅቼ በእያንዳንዱ ላይ የቀኑን ስም በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌበት ነበር፤ በየፌስታሉ አንድ ጥቅል ብስኩት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ለውኃ ጥም የሚበጠበጥ አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና አንድ ጥንድ ካልሲ ነበረበት። እስራኤል በየማለዳው ከሰፈሩ እየወጣ የዕለቱን መና ብቻ ወደ ለቀመበት ምድረ በዳ የምሄድ ሰው፣ የሳምንቱን አስቀድሜ ለቅሜ ነበር ማለት ነው። ነገሩ የታየኝ ግን ሻንጣው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ስሸክፍ አልታየኝም።

ሌላው ጉዳይ ከሻንጣው ይከብዳል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውሌን እንደማያድስ ከነገረኝ ሁለት ወር ሆኖታል። ለሌላ ቦታ አመልክቼ እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ደርሻለሁ፤ ምላሹ በዚህ ሳምንት እንደሚደርሰኝም ተነግሮኛል። ስለ እግዚአብሔር መግቦት ለዓመታት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ሳስበው ግን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የማይቀርበት ሰው ስለ መግቦት ሲያስተምር ቃሉ አይከብደውም። ከእምነቴ ምን ያህሉ በእግዚአብሔር፣ ምን ያህሉ በወሩ መጨረሻ ላይ እንደተደገፈ ለይቼ የማይበት አጋጣሚ እስካሁን አልገጠመኝም ነበር።

ሁለተኛ ቀን፣ ረቡዕ፤ ከካይሮ እስከ ዋዲ ገረንደል

በማለዳ በሚኒባስ ወደ ምሥራቅ ተነሣን። የስዊዝን ቦይ የተሻገርነው በሥሩ በሚያልፈው የአሕመድ ሐምዲ ዋሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ለመርከብ የተከፈተው ቦይ ከበላያችን ውኃውን እንደተሸከመ እኛ በጥቂት ደቂቃ ወደ ሲና ወጣን። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት «እኛም በደረቅ ተሻገርን» አለና ሁላችንን አሳቀን። በቡድናችን ትልቋ የሰባ አንድ ዓመት እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እሳቸው አልሳቁም፤ በመስኮቱ አሸዋውን እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

አስጎብኚያችን ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሁለቱን መንገዶች አሳየን። ከግብፅ ወደ ከነዓን የሚወስደው አጭሩ መንገድ የሜዲትራንያንን ዳርቻ ይዞ ወደ ጋዛ የሚሄደው ሲሆን፣ እኛ የያዝነው ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራውና ወደ በረሃው የሚወርደውን ነው። የዘጸአት መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን ቅርብ በሆነው በፍልስጥኤማውያን ምድር መንገድ እንዳልመራቸው ይነግረናል፤ ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ጦርነት ባዩ ጊዜ ልባቸው ተጸጽቶ ወደ ግብፅ እንዳይመለሱ። በካርናክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት የፈርዖን ሴቲ ቀዳማዊ ምስሎች በዚያ የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ምሽግ በምሽግ ተያይዞ እንደነበረ ያሳያሉ። ትናንት ከባርነት የወጣ፣ ሰይፍ ይዞ የማያውቅ ሕዝብ በዚያ ቢሄድ ኖሮ ጉዞው በመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ ነበር። ሕዝቡ ግን ምሽጉን አላየም፤ ያየው መንገዱ መርዘሙን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን መግታት ይገባኛል፤ ይህን ታሪክ እየጠቀስን በሰው መዘግየት ሁሉ ላይ «እግዚአብሔር ከምሽግ ሊጠብቅህ ነው» እያልን በቀላሉ የምንፈርድ ሰዎች ብዙ ነን። መጽሐፉ የነገረን የአንዱን መንገድ ምክንያት ነው። የእኔ መንገድ ለምን እንደረዘመ የነገረኝ የለም።

ከቀትር በፊት ዓዩን ሙሳ፣ የሙሴ ምንጮች ወደሚባለው ስፍራ ደረስን። ጥቂት የዘንባባ ዛፎችና በድንጋይ የተከበቡ ጉድጓዶች አሉበት፤ አንዳንዶቹ በአሸዋ ተሞልተዋል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። ውኃው መርሮ ሕዝቡ ሊጠጣው ያልቻለበት ማራ ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማራን ወደ ደቡብ ርቀው ይፈልጉታል። ማታ ያደርነው ብዙዎች ኤሊም ነው በሚሉት በዋዲ ገረንደል አጠገብ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ምንጮችና ሰባ የዘንባባ ዛፎች የነበሩበት ማለት ነው። ከመራራው ውኃ እስከዚህ ጥላ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ የሚገርመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከኤሊም ተነሥተው የገቡት ወደ ሲን ምድረ በዳ፣ ወደ ራብ ነው። ወደ ጥላው የመራቸው የደመና ዓምድ ወደ ራቡም የመራቸው ያው ዓምድ ነበር። ዘዳግም 8 ይህን ሳይሸፍን ይናገራል፦ አስራበህ፣ መናንም አበላህ ይላል፤ ሁለቱም ግስ አንድ ባለቤት አላቸው። ስለ መግቦት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሁለተኛውን ግስ ብቻ ነው ያስተማርኩት።

ወጣቱ ለመኝታ የሚሆን ቲሸርት አዋሰኝ፤ ደረቱ ላይ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ስም በትልቁ ተጽፎበታል። እግር ኳስ አልወድም፤ ለብሼው አደርኩ።

ሦስተኛ ቀን፣ ሐሙስ፤ ዋዲ ፈይራን

ቀኑ መጥፎ ነበር። አቡ ዘኒማንና አቡ ሩደይስን አልፈን፣ የነዳጅ ማውጫዎቹን በስተቀኝ ትተን ወደ ተራሮቹ በታጠፍን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚኒባሱ ሞተር ጋለና ቆመ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ እንፋሎቱ እስኪበርድ ጠበቀ፤ የራዲያተሩ ቱቦ ተቀድዶ ነበር። ስልክ አይሠራም። ሰኔ ነው፤ ጥላ ያለው በመኪናው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እየጠበበ መጣ።

መጀመሪያ ያጉረመረምኩት እኔ ነኝ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት መፈተሽ እንደነበረበት ተናገርኩ፤ የጉዞ አዘጋጁ ድርጅት ሁለት መኪና መመደብ እንደነበረበት ተናገርኩ፤ በሻንጣዬ ውስጥ ስለነበረው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። የሚያሳፍረኝ ንግግሬ ሐሰት መሆኑ አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነበር። የእስራኤልም ማጉረምረም በአብዛኛው እውነት ነበረበት፤ ውኃ አልነበረም፣ ሥጋ አልነበረም፣ በረሃው በረሃ ነበር። ጥፋታቸው ካሰቡት ስሌት ውስጥ አንዱን ብቻ አስቀርተው ማስላታቸው ነው፤ ባሕር የከፈለውን።

እማማ ከጥላው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ውኃ በክዳኑ እየሰፈሩ ለሾፌሩ ይሰጡት ነበር።

«እማማ፣ ለራስዎ ያቆዩ እንጂ» አልኳቸው።

«የዛሬው ነው ልጄ» አሉኝ። «የነገው በነገው ጠርሙስ ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«እንግዲያ ያኔ አብረን እንጠማለን» አሉና ክዳኑን ለእኔም ሞሉልኝ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ በጭነት መኪና የሚያልፍ የአገሩ ሰው ቆመልንና ቱቦውን በላስቲክ ጠቅልሎ አሠረው። ሰውየው ገንዘብ አልተቀበለም። በአንድ በኩል ይህን እንደ መልአክ መምጣት አድርጎ ለመጻፍ እጄ ይቸኩላል፤ በሌላ በኩል በዚያ መንገድ ላይ በቀን ብዙ መኪና እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ሁለቱ ለምን እንደሚጋጩ ግን አልገባኝም። እግዚአብሔር ኤልያስን በቁራ መግቦታል፤ ቁራው ግን በየቀኑ በዚያ ሸለቆ የሚበር ወፍ ነው።

ሲመሻሽ ዋዲ ፈይራን ገባን። በባዶ ግራናይት ተራሮች መካከል ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የዘንባባ ጫካ ነው፤ በስተደቡብ 2,070 ሜትር ከፍታ ያለው የሰርባል ተራራ ቆሞበታል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኤጲስ ቆጶስ የሚቀመጥበት ከተማ ነበር። ጥንታዊው ትውፊት ራፊዲም ይህ ነው ይላል፤ ሙሴ ዓለቱን የመታበት፣ ሕዝቡም «እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ የጠየቀበት ስፍራ። ያን ጥያቄ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እኔም ጠይቄው ነበር፤ ቃሉ ብቻ የተለየ ነበር።

ለአንድ ሰው የዕለቱ መና የሚሰፈርበትን ጎሞርን ሊቃውንት ሁለት ሊትር ገደማ ያደርጉታል። የእማማ ጠርሙስ ማለት ነው።

አራተኛ ቀን፣ ዓርብ፤ ታርፋ

ያደርነው ታርፋ በሚባል ሸለቆ ነው፤ ስሙን ያገኘው አረቦቹ ታርፋ ከሚሉት ዛፍ፣ ከታማሪስክ ነው። ንጋት ላይ አስጎብኚያችን ቀሰቀሰንና ባትሪ ይዞ ወደ ዛፎቹ መራን። በመርፌ ቅጠሎች በተሸፈነ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ብርሃኑን ሲያበራ፣ ከድንብላል ዘር የማይበልጡ ነጭና ቢጫ ያዘሉ ጠብታዎች ተደርድረው አየሁ። አንዱ በጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ወደ ምላሴ ሳደርሰው እንደ ማር ጣፈጠኝ። አገሬዎቹ ዛሬም «መን» ይሉታል።

ሥራው የዛፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሲና የሄዱ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነገሩን በቅርበት አጥንተው፣ በቅርንጫፉ ላይ ተጣብቀው የዛፉን ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ያልተፈጨውን ስኳር እንደሚያንጠባጥቡት፣ በሌሊቱ ቅዝቃዜም እንደሚረጋ አረጋግጠዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ መና ተፈታ ብሎ ይደሰታል፤ ሌላው ደግሞ እምነቱ የተነካበት መስሎት ይቆጣል። እኔ ቅርንጫፉ ሥር ቆሜ የመጣብኝ ሐሳብ የሒሳብ ሠራተኛ ሐሳብ ነው፦ መጠኑ አይመጥንም። ይህ ጠብታ የሚገኘው በሰኔ ግድም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ የመጽሐፉ መና ግን አርባ ዓመት ከሰንበት በቀር በየማለዳው ወርዷል። ዛሬ ዓርብ፣ መናው እጥፍ ይወርድበት የነበረው የሳምንቱ ስድስተኛ ቀን ነው፤ የታማሪስኩ ጠብታ ዓርብን ከሐሙስ አይለይም፣ እጥፍም አልሆነም። ቢሆንም እግዚአብሔር ያን ስጦታ ሲሰጥ የአገሩን መልክና ጣዕም ሰጥቶት ከሆነ፣ ይህ ለእኔ ክብሩን አይቀንስበትም።

ከቦታው ያልተነሣሁት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይዋ ከተራራው ራስ ላይ ብቅ አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠብታዎቹ መላላት ጀመሩ፤ ወደ መሬት የወደቁትን ጉንዳኖች ወረሩአቸው። «ፀሐይ በተኮሰ ጊዜ ቀለጠ» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሲቀልጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ለነገ ብሎ ያስቀመጠው ሰው መና እንደተላበትና እንደሸተተበት መጽሐፉ ይናገራል፤ ብዙ የለቀመውም አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። ይህ ዓይነት ስጦታ የሒሳብ መዝገብ አያስይዝም፤ ከዛሬ ወደ ነገ የሚዞር ቀሪ ሒሳብ የለውምና። ግዕዙ የጌታን ጸሎት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ይለዋል። በግሪኩ በዚህ ስፍራ የገባው ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከዚህ ጸሎት በቀር አይገኝም፤ «ለዕለቱ የሚበቃ» ይሁን «ለሚመጣው ቀን» በሚለው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ትርጉም ትክክል ሆኖ እንዲገኝ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቅድስት ካትሪን ገዳም ስንደርስ በሩ ለጎብኚ ዝግ ነበር። የጉዞ አዘጋጁ ቀኑን ተሳስቷል። ትናንት ብዙ በመናገሬ ዛሬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ግን ትዕግሥት አልነበረም።

ማታ በሰፈራችን ወጣቱ የጆርጅ ሙለርን ታሪክ አነሣ። ከፕሩሲያ ተነሥቶ እንግሊዝ፣ ብሪስቶል የኖረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1836 የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት ከፍቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1898 ድረስ ዐሥር ሺህ ገደማ ሕፃናትን አሳድጓል፤ ከማንም ሰው ገንዘብ ሳይለምን ወደ እግዚአብሔር ብቻ እየጸለየ። ወጣቱ ታሪኩን የተናገረው «ስሌትን ትቶ መታመን» ለሚለው ምሳሌ አድርጎ ነው። እዚህ ላይ ግን ተቃወምኩት፤ ሙለር የተቀበለውን እያንዳንዱን ሳንቲም በመዝገብ የሚያሰፍር፣ ሒሳቡንም በየጊዜው ለሕዝብ አትሞ የሚያወጣ ሰው ነበር። መቁጠሩ እምነቱን አልጎዳውም። እሱ የቆጠረው የተቀበለውን ነው፤ እኔ የምቆጥረው ገና ያልመጣውን።

አምስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፤ ተራራው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሣን። ወደ ሲና ተራራ፣ ወደ 2,285 ሜትሩ ራስ የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ መነኮሳት የጠረቡት 3,750 ደረጃ ያለው ቀጥተኛው ዳገት ሲሆን፣ ሌላው እየተጠማዘዘ የሚወጣው የግመሎቹ መንገድ ነው። የያዝነው ሁለተኛውን ነው፤ እማማ በግመል ተቀመጡ። ከተራራው በታች ሰኔ ነበር፤ ከፍ ባልን ቁጥር ነፋሱ የሌላ ወር ሆነ። ሹራቤ በሻንጣዬ ውስጥ ነው። እማማ ይህን ሲያዩ ከቦርሳቸው ወፍራም ግራጫ የወንድ ሹራብ አውጥተው ሰጡኝ፤ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል።

«የልጄ ነው» አሉ። «ነገ ትመልስልኛለህ።»

የግመሎቹ መንገድ የሚያበቃው ከራሱ በታች፣ የኤልያስ ሜዳ በሚባለው ጎድጓዳ ስፍራ አጠገብ ነው። ቀሪው 750 ደረጃ በእግር ይወጣል። እማማ ከግመሉ ወርደው ወደ ላይ አዩና ተቀመጡ። «ለእኔ እዚህ ይበቃኛል» አሉ። «ኤልያስም ከዚህ አላለፈም።»

እኔ ወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራችው ትንሿ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብዙ ሰው ስልኩን ወደ ምሥራቅ አነጣጥሮ ይጠብቅ ነበር። ፀሐይዋ ወጣች፤ ተራሮቹ ከጥቁር ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ቀይ ተለወጡ። ግሩም ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ልቤ ታች ነበር።

ስመለስ እማማ በዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ኤልያስ አወራን። የአንደኛ ነገሥት ጸሐፊ እግዚአብሔር ቁራዎቹን እንዳዘዘለት ከነገረን በኋላ ወዲያው ያልጠበቅነውን ያክላል፦ ዝናብ አልነበረምና ከጥቂት ቀን በኋላ ወንዙ ደረቀ። ወንዙ የደረቀው ኤልያስ ራሱ በእግዚአብሔር ስም ባወጀው ድርቅ ነው። ከዚያም የተላከው ወደ ሀብታም ቤት አልነበረም፤ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ይዛ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ወደ ተዘጋጀች መበለት ነው። የዱቄቱ ማድጋ አላለቀም፤ ሞልቶ ግን አልታየም። በየቀኑ ከታች ጥቂት ይኖራል፤ ያ ብቻ።

«እርስዎ እንዴት አመኑ?» አልኳቸው፤ ሹራቡን ለብሼ ይህን መጠየቅ ከብዶኝ ነበር።

ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ ሲታመም ለመንኩት፤ አልሰጠኝም» አሉ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድም ቀን ጦሜን አላሳደረኝም። ሁለቱን የሚያስታርቅልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ገዳሙ ተከፍቶልን ገባን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ያሠራው የግራናይት ቅጥር አሁንም ቆሟል። ከግድግዳው ከፍ ብሎ የተሰቀለ የእንጨት ክፍል አሳዩን፤ በሩ ለአደጋ ተዘግቶ በኖረባቸው ዘመናት ሰውም እህልም በገመድ እየተጎተተ በዚያ ይገባ ነበር። ከታች ቆሜ ያን ገመድ በሐሳቤ ሳየው ቆየሁ፤ ውስጥ ላሉት መነኮሳት የነገው እህል ሁልጊዜ ከግድግዳው ውጭ ነበር።

ስድስተኛ ቀን፣ እሑድ፤ እዚያው

ጠዋት ስድስታችንም ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዘዳግም 1ን አነበብን። ከኮሬብ፣ ከዚሁ ከሲና ተራራ፣ እስከ ቃዴስ በርኔ የዐሥራ አንድ ቀን መንገድ ነው ይላል። ከተስፋይቱ ምድር ደጃፍ ደርሰው ስላላመኑ ግን አርባ ዓመት ሞላባቸው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በቅጣቱ መንገድም ላይ ቢሆን መናው አልተቋረጠም። ስለዚህ የእንጀራው መምጣት ትክክለኛውን መንገድ ለመያዛችን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መራቡም ለመሳሳታችን ማስረጃ አይደለም። ይህን ወጣቱ አልተቀበለውም፤ ለረጅም ጊዜ ተከራከርን።

ከሰዓት በኋላ የስልክ ኔትወርክ ባለበት ጉብታ ላይ ወጣሁ። መልእክቱ ደርሶኛል። ለማመልከቻዬ አመስግነው ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጡት በትሕትና ገልጸዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ያልተመዘነ ቁጥር እንዳለበት ሁሉ።

ሹራቡን ልመልስ ወደ እማማ ስሄድ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለውን ተረት እንዲነግሩኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቢነግሩኝ ኖሮ እቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ሹራቡን ተቀብለው እጥፍ እያደረጉ «ዛሬ ምሳ በልተሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

አልበላሁም ነበር። ዳቦና ሻይ አቀረቡልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ አልተነሡም።

ሌሊት ለመጸለይ ሞከርኩ። ከዛሬው የሚያልፍ ልመና ወደ አፌ አልመጣልኝም፤ እምነት ይሁን ድካም መለየት አልቻልኩም።

ሰባተኛ ቀን፣ ሰኞ፤ ወደ ካይሮ

መመለሻው ረጅምና ዝምተኛ ነበር። በላስቲክ የታሠረው ቱቦ እስከ መጨረሻው ይዞልናል። ከዋሻው ወጥተን ወደ ካይሮ ስንቃረብ ስልኬ ጮኸ፤ ሻንጣዬ ተገኝቷል።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተረከብኩት። ሰባቱም ፌስታሎች እንደተደረደሩ፣ ስማቸውም እንደተጻፈ ናቸው፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሰባት ቀን ያለ እነርሱ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ለብሼ ተመልሻለሁ። ሾፌሩ አራት ልጆች እንዳሉት በመንገድ ላይ ነግሮን ስለነበር ፌስታሎቹን እያነሣሁ ሰጠሁት። እሱ ስሞቹን ማንበብ አልቻለምና ምን እንደተጻፈ ጠየቀኝ፤ የቀናት ስም መሆኑን ስነግረው ሳቀ። እማማ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር፤ ምንም አላሉም።

ብዙ ከበረርን በኋላ መነጽሬን ፍለጋ የእጅ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አንድ ፌስታል ተጣጥፎ አገኘሁ። መቼ እንደከተትኩት አላስታውስም፤ እጄ ግን አስታውሷል። ላዩ ላይ «ማክሰኞ» ይላል።

ነገ ማክሰኞ ነው።